የካንት ውርስና የጦርነት ጥያቄ

እንደሚታወቀው የፈላስፎች ስም ከመንግሥታት መግለጫ ውስጥ የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። ይሁንና በ2024 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሞተ 220 ዓመት የሞላው ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት በዩክሬይን ጦርነት ምክንያት ፊት ለፊት የቆሙ ወገኖች የሚናጠቁት ሰው ሆኖ ታይቷል። በጥር ወር የሩሲያው ፕሬዚደንት ቭላዲሚር ፑቲን በካሊኒንግራድ በሚገኘውና በፈላስፋው ስም በሚጠራው ዩኒቨርሲቲ ተገኝተው ካንት ከታላላቅ አሳቢዎች አንዱ መሆኑን መሰከሩ፤ ሰው በገዛ አእምሮው ይመራ የሚለው ጥሪውም ለሩሲያ በብሔራዊ ጥቅሟ መመራት ማለት እንደሆነ ገለጹ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በወቅቱ የዚያው ግዛት ገዥ የነበሩት አንቶን አሊኻኖቭ በአንድ የፖለቲካ ሳይንስ ጉባኤ ላይ ፈጽሞ ተቃራኒውን ተናገሩ። እንደ እርሳቸው አባባል ለአንደኛው የዓለም ጦርነትም ሆነ ለዩክሬይኑ ጦርነት የሐሳብ መነሻው ካንት ነው። በሚያዝያ ወር ደግሞ ፈላስፋው የተወለደበት 300ኛ ዓመት በበርሊን ሲከበር፣ በወቅቱ የጀርመን መራኄ መንግሥት የነበሩት ኦላፍ ሾልዝ፣ ፑቲን ካንትን ለመጥቀስ አንዳችም መሠረት የላቸውም ሲሉ ተቃወሙ።

አንድ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ምስክርም፣ ተከሳሽም፣ የክርክር ርስትም ሆነ ማለት ነው። ፍልስፍና የምሁራን የሥራ ፈትነት ጨዋታ ነው የሚለው አስተያየት በየማኅበሩ ስብሰባና በየፋብሪካው የሚደመጥ ነው፤ ጦር የሚያዘምቱ መንግሥታት ግን ይህን አስተያየት እንደማይጋሩት ከላይ የተመለከተው ያስረዳል። ስለሆነም ካንት በእርግጥ ያለው ምንድን ነው? ያለውን ያለው ከእነማን ጋር ሲከራከር ነው? የሚሉትን ጥያቄዎች መመርመር ተገቢ ይሆናል። ይህም የምዕራቡ ፍልስፍና በየትኞቹ ጎራዎች ተከፍሎ እንደኖረ በአጭሩም ቢሆን መመልከትን ግድ ይላል።

አስቀድሞ ስለ ሰውየውና ስለ ከተማው ጥቂት ቃል እንበል። ካንት በ1724 የተወለደባት ከተማ ኮኒግስበርግ ትባል ነበር። በ1255 በጀርመን የመስቀል ጦረኞች የተቆረቆረች የባልቲክ ባሕር ከተማ ናት። በሰባቱ ዓመታት ጦርነት ጊዜ የሩሲያ ጦር ይዟት ከ1758 እስከ 1762 በሩሲያ አስተዳደር ሥር ቆይታለች፤ ካንትም በዚያን ጊዜ የፕሮፌሰርነት ቦታ እንዲሰጠው ለሩሲያዋ ንግሥት ለኤልሳቤጥ ማመልከቻ ጽፎ ነበር። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። በሚያዝያ 1945 ቀይ ጦር ከተማዋን ያዘ፤ በ1946 ስሟ ካሊኒንግራድ ተባለ፤ ጀርመናውያን ነዋሪዎቿም ተባረው በሶቪየት ዜጎች ተተኩ። አሁን ከሩሲያ ዋና ምድር ተነጥላ በፖላንድና በሊቱዌንያ መካከል የምትገኝ የሩሲያ ይዞታ ናት። የፈላስፋው መቃብር ከካቴድራሉ ግድግዳ ተጠግቶ እዚያው ቀርቷል። በ2018 የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በካንት ስም ይሰየም የሚለው ሐሳብ ደጋፊ ማግኘት ሲጀምር በሐውልቱና በመቃብሩ ላይ ቀለም ተደፋ፤ ማረፊያው በመጨረሻ የተሰየመውም ማመልከቻው በተጻፈላት በንግሥት ኤልሳቤጥ ስም ነው።

የካንት አባት የፈረስ ልጓምና ጠፍር የሚሠራ የእጅ ባለሙያ ነበር። ልጁም ለብዙ ዓመታት ከተማሪዎቹ በሚሰበስበው ክፍያ ሲተዳደር ቆይቶ ቋሚ የፕሮፌሰርነት ወንበር ያገኘው በ1770 ነው። ብዙ ሰው ስለ ካንት የሚያውቀው፣ ጎረቤቶቹ ለእግር ሽርሽር መውጣቱን እያዩ ሰዓታቸውን ያስተካክሉ ነበር የሚለውን ወግ ብቻ ነው። ወጉ ያስቃል እንጂ አያስተምርም።

ወደ ጎራዎቹ እንመለስ። ከጥንት ግሪኮች ዘመን ጀምሮ የምዕራቡ አሳቢዎች ደጋግመው ከተከራከሩባቸው ጥያቄዎች ዋነኛው፣ እውቀት ከወዴት ይመጣል? የሚለው ነው። ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ነገር ግን እውቀት የሚመጣው ከላይ ከሆነ የሚያስተምረውም የሚያዘውም ከላይ ያለው ነው፤ እውቀት ሰው ሁሉ ከሚያየውና ከሚዳስሰው ነገር የሚገኝ ከሆነ ደግሞ የማንኛውም ሠራተኛ ምስክርነት ሚዛን ይደፋል። የአቴናው ሶቅራጥስ በ399 ከክርስቶስ ልደት በፊት መርዝ እንዲጠጣ የተፈረደበት፣ አዋቂ ነን የሚሉትን ሁሉ እያስቆመ የእውቀታቸውን ምንጭ በመጠየቁ ጭምር ነው። ደቀ መዝሙሩ አፍላጦን የምናየው ዓለም ጥላ ነው፤ እውነተኛው ነገር በአእምሮ ብቻ የሚደረስበት የማይለወጥ ቅርጽ ነው አለ። የአፍላጦን ተማሪ የነበረው አርስቶትል ግን ቅርጹን ከነገሩ ውጭ አትፈልጉት፤ እዚያው ነገሩ ውስጥ ነው በማለት እንስሳትን እየመረመረ፣ የከተሞችን ሕገ መንግሥት እያሰባሰበ ሠራ። የኋለኛው ክርክር ከዚህ የመጀመሪያ መለያየት ብዙ ወስዷል።

በ17ኛው መቶ ዓመት ሁለቱ ወገኖች በአዲስ መልክ ተሰለፉ። ፈረንሳዊው ዴካርት በ1641 ባሳተመው የጥሞና መጽሐፉ የሚጠረጠረውን ሁሉ ጠርጥሮ፣ የማይጠረጠር ሆኖ ያገኘው የገዛ ራሱን ማሰብ ብቻ ነው፤ ከዚያ ተነስቶም የእውቀትን ሕንፃ በአእምሮ ብቻ ሊገነባ ሞከረ። በአምስተርዳም ከአይሁድ ጉባኤ በ1656 የተወገዘውና ሌንስ እየሞረደ ይኖር የነበረው ስፒኖዛ፣ እንዲሁም ጀርመናዊው ላይብኒትዝ በዚሁ ጎራ ይመደባሉ። ይህ ወገን ራሽናሊዝም ይባላል፤ አእምሮን የሚያስቀድም ማለት ነው። መከራከሪያቸው ቀላል የሚባል አይደለም። የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘናት ድምር ከሁለት ቀጤ ማዕዘን ጋር እኩል መሆኑን አንድ አናጢ የዓለምን ሦስት ማዕዘን ሁሉ ሳይለካ ያውቃል። ይህን ከዓይኑ አላገኘውም ይላሉ።

በአንፃሩ በብሪታንያ የተነሱት አሳቢዎች የሰው አእምሮ ሲወለድ ያልተጻፈበት ወረቀት ነው፤ የሚጽፍበትም ተሞክሮ ነው አሉ። ይህ ወገን ኤምፒሪሲዝም ይባላል። መሪው ጆን ሎክ ነው። ከዚህ ጎራ እስከ መጨረሻው የሄደው ግን የስኮትላንዱ ዴቪድ ሂዩም ነው። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ቁልፉን ሲጫን ሞተሩ ይነሳል። ይህን አሥር ሺህ ጊዜ አይቷል። ያየው ግን መጫኑንና መነሳቱን ነው፤ ሁለቱን የሚያያይዘውን ግዴታ ማንም አላየም። ስለዚህ ምክንያትና ውጤት የምንለው ነገር በልማድ የተፈጠረ የአእምሮ መጠበቅ ነው ሲል ሂዩም ደመደመ። ይህ ለቀልድ የተባለ አይደለም። ድምዳሜው እውነት ከሆነ የሳይንስ ሕግ ሁሉ ከልማድ የተሻለ ዋስትና የለውም።

ካንት ሂዩም ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ ብሏል። በ1781 ባወጣው “የንጹሕ አእምሮ ሂስ” የሰጠው መልስ ሁለቱንም ጎራ የሚነካ ነው። እውቀት ያለ ተሞክሮ አይጀምርም፤ በዚህ እንግሊዞቹ ትክክል ናቸው። ነገር ግን አእምሮ ሥራ ፈት ሆኖ የሚቀበል ዕቃ አይደለም፤ በስሜት ሕዋሳት የሚገባውን ጥሬ ነገር በጊዜ፣ በቦታ፣ በምክንያትና ውጤት ቅርጽ ያበጀዋል። ሸማኔ ያለ ጥጥ አይሸምንም፤ ጥጡ ብቻውን ግን ጋቢ አይሆንም። በዚህም መሠረት ሳይንስ ዋስትናውን አገኘ፤ በምላሹ የከፈለው ዋጋ ግን አለ። የምናውቀው ነገሩ ለእኛ እንደሚታየን እንጂ በራሱ እንዳለ አይደለም፤ ስለ ነፍስ ዘላለማዊነትና ስለ እግዚአብሔር መኖር በእውቀት ስም ማረጋገጫ መስጠትም መካድም አይቻልም ተባለ።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአገራችን የውይይት ክበቦች የተሠራጨው ትምህርት፣ ኤንግልስ በ1886 ያስቀመጠውን አከፋፈል ተከትሎ ፈላስፎችን ሁሉ በሁለት ጎራ፣ በቁስ አካል ቀዳሚነትና በሐሳብ ቀዳሚነት፣ የሚመድብ ነበር። አከፋፈሉ ለጀማሪ ቁልፍ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ስም ሰጥቶ መመደብ መጽሐፉን ማንበብን ተክቶ እንደነበረ ለማለት ይቻላል። ካንት በሁለቱም ሳጥን በደንብ አይገባም፤ ከውጭ ነገር መኖሩን ያምናልና፣ የምናውቀው በእኛ ቅርጽ ነው ይላልና።

ለያዝነው ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው የሥነ ምግባር ትምህርቱ ነው። በ1785 እንዳስቀመጠው፣ አንድ ሥራ ትክክል መሆኑ የሚፈተነው ሠሪው የተመራበት ደንብ የሁሉም ሰው ሕግ ሊሆን መቻሉን በመጠየቅ ነው። በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ዘይትና ስኳር የሚያድል ሰው ወረፋውን ትቶ አስቀድሞ ለዘመዱ ቢሰጥ፣ ደንቡን ለሁሉም ያድርገው፤ እያንዳንዱ አዳይ ለዘመዱ የሚያስቀድም ከሆነ ወረፋ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ያ ሰውም የሚሰርቀው ነገር ያጣል። ሰሌዳ ላይ ለጥፎ ለማስነበብ የማይደፍረው ደንብ ነበር ማለት ነው። ሌላው የሕጉ መልክ ደግሞ፣ ሰውን ሁልጊዜ በራሱ ዓላማ እንዳለው አድርገህ ያዝ እንጂ እንደ መሣሪያ ብቻ አትገልገልበት የሚል ነው።

ካንት ይህንኑ ሚዛን ወደ መንግሥታት ያዞረው በ1795 “ዘላለማዊ ሰላም” በተሰኘች ትንሽ መጽሐፍ ነው። ርዕሱን ያገኘው የመቃብር ቦታ ሥዕል ካለበት ከአንድ ሆላንዳዊ የእንግዳ ማረፊያ ሰሌዳ መሆኑን በመግቢያው ይናገራል፤ መንግሥታት ካልነቁ ዘላለማዊ ሰላም የሚያገኙት እዚያ ነው ለማለት ይመስላል። መጽሐፏ የተጻፈችው በስምምነት ሰነድ መልክ ነው። ለወደፊት ጦርነት ምክንያት በምስጢር የሚያስቀር የሰላም ውል ውል አይባልም፤ ማንኛውም ነፃ መንግሥት በውርስ፣ በግዢ ወይም በስጦታ የሌላው ንብረት አይሆንም፤ ቋሚ ጦር ቀስ በቀስ ይቀራል፤ ለውጭ ጠብ ተብሎ የመንግሥት ብድር አይወሰድም፤ አንዱ መንግሥት በሌላው ሕገ መንግሥትና አስተዳደር በኃይል ጣልቃ አይገባም፤ መተማመንን የሚያጠፋ የጦር ዘዴ አይፈቀድም።

ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነጥብ ለሠራተኛው አንባቢ ከሁሉ የቀረበ ነው። ካንት ጦርነት ይታወጅ አይታወጅ የሚለው ውሳኔ የዜጎች ስምምነት የሚያስፈልገው ቢሆን ኖሮ ዜጎች ብዙ ያመነቱ ነበር ይላል። ምክንያቱም የሚዋጉት እነሱ፣ ወጪውን ከኪሳቸው የሚከፍሉት እነሱ፣ የፈረሰውን የሚጠግኑት እነሱ፣ ማብቂያ የሌለውን ዕዳ የሚሸከሙትም እነሱ ናቸው። ራሱን የአገሩ ባለቤት አድርጎ የሚቆጥር ገዥ ግን ከማዕዱ፣ ከአደኑ፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣው አንዳች ሳይጎድልበት ጦርነትን እንደ ሽርሽር ያውጃል።

አሁን በመጀመሪያ የጠቀስናቸውን ሦስት ንግግሮች በዚህ ሚዛን ላይ እናስቀምጣቸው። የገዥው የአሊኻኖቭ ክስ ከሦስቱ ሁሉ የደከመ ነው። መጽሐፍ ጦርነትን አስነሳ ማለት የነዳጁን፣ የወሰኑን፣ የጦር ቃል ኪዳኑንና የሥልጣኑን ጥያቄ ሁሉ ጠርጎ በአንድ ሟች ትከሻ ላይ መጫን ነው። የፕሬዚደንቱ ውዳሴ በበኩሉ ቃሉን ይዞ ትርጉሙን ለውጧል። ካንት በ1784 በጻፈው “የብርሃን ዘመን ምንድን ነው?” በሚለው ጽሑፍ፣ በገዛ አእምሮህ ለመመራት ድፈር ያለው ለመንግሥት ሳይሆን ለሰው ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ፣ በአደባባይ የመናገር ነፃነት፣ መሆኑን እዚያው አስረድቷል። ሩሲያ በመጋቢት 2022 ስለ ጦር ኃይሏ ሐሰት ነው የሚባል ወሬ ማሠራጨትን እስከ 15 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ሕግ አውጥታለች። በሌላው መንግሥት አስተዳደር በኃይል ጣልቃ አትግባ የሚለው አንቀጽም ማብራሪያ አይሻም።

ሾልዝ የተሻለ መሠረት አላቸው። ካንት ዜጎች አገራቸውን ከውጭ ጥቃት ለመከላከል በፈቃዳቸው የጦር ልምምድ ማድረጋቸውን ፈቅዷልና፣ የተጠቃ ሕዝብ እጁን ይስጥ አላለም። ሆኖም ጀርመን በ2022 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ለጦር ኃይሏ 100 ቢሊዮን ዩሮ ልዩ ገንዘብ ያቋቋመችው በብድር ነው። መከላከያ ነው ይባል ይሆናል። ካንት ግን የብድሩን አንቀጽ የጻፈው፣ ብድር ጦርነትን የማያልቅ ኪስ ስለሚሰጠው እንደሆነ ተናግሯል፤ እንግዲህ ካንትን የሚያወርስ ሁሉ ዕዳውንም ይውረስ።

ራሱ ካንትም ከሚዛኑ አያመልጥም። ስለ ሰው ዘሮች በ1775 እና ከዚያ በኋላ በጻፋቸው ጽሑፎች ነጮችን ከሌሎች በላይ አድርጎ መድቧል። የነፃነት ፈላስፋ የተባለው ሎክም ባሪያ በሚነግደው በንጉሣዊው የአፍሪካ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ነበረው። በአሁኗ ጋና ከምትገኘው ከአክሲም የሄደው አንቶን ቪልሄልም አሞ በ1734፣ ካንት ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ፣ በጀርመን አገር ስለ ሰው አእምሮ የመመረቂያ ጽሑፉን አቅርቦ በሃለና በየና ዩኒቨርሲቲዎች አስተምሯል፤ ማስረጃው ሩቅ አልነበረም ማለት ነው። ካንት በ“ዘላለማዊ ሰላም” የአውሮፓ ነጋዴ መንግሥታት በሌሎች ምድር የሚፈጽሙትን ወረራ አጥብቆ ማውገዙ ሚዛኑ ከመዛኙ እንደሚበልጥ ያሳያል።

ከካንት በኋላ የመጣው ትልቁ ተቃውሞ የሄግል ነው። ሄግል አእምሮ የማይለወጥ ቅርጽ የለውም፤ በታሪክ ውስጥ በቅራኔ እየተገነባ ይሄዳል በማለት የዲያሌክቲክን መንገድ ከፈተ። ስለ ሰላም ግን ጨካኝ ነበር። በ1820 በታተመው የሕግ ፍልስፍናው፣ የካንት የነፃ መንግሥታት ኅብረት የሚቆመው በእያንዳንዱ መንግሥት ፈቃድ ላይ ነውና ፈቃዱ ሲለወጥ ይፈርሳል፤ ከመንግሥታት በላይ ዳኛ የለም አለ።

የዚህን ክርክር ውጤት ከማንም በላይ የቀመሰች አገር ብትኖር ኢትዮጵያ ናት። ብዙዎች ከካንት ሐሳብ ጋር የሚያዛምዱት የመንግሥታት ማኅበር በ1920 ሥራ ጀመረ፤ ኢትዮጵያም በ1923 አባል ሆነች። በጥቅምት 1935 የፋሺስት ጣሊያን ጦር ድንበሯን ጥሶ ሲገባ ማኅበሩ ጣሊያንን አጥቂ ብሎ ማዕቀብ ጣለ። ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ ውጭ ሆነ፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት እንደሆነ ቀረ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1936 መጨረሻ ጄኔቫ ተገኝተው አቤቱታቸውን ባሰሙ በቀናት ውስጥ ማኅበሩ ማዕቀቡን አነሳ። ሄግል ትክክል ነበር ለማለት ያስደፍራል። በየካቲት 2022 በጸጥታው ምክር ቤት የዩክሬይን ጉዳይ ሲቀርብ 11 አገሮች ደግፈው ሩሲያ በድምፅ የመሻር ሥልጣኗ ስትጥለው የታየውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ማርክስ ደግሞ ሁለቱም ያላነሱትን አነሳ። ካንትም ሄግልም መንግሥትን አንድ ፈቃድ እንዳለው ሰው ይቆጥሩታል። በውስጡ ግን የሚያዝና የሚታዘዝ፣ የሚያተርፍና የሚከፍል መደብ አለ፤ ስለዚህ የጦርነት መቆሚያው በየአገሩ ያለው የሠራተኛ ትብብር ነው የሚል እምነት ከእርሱ ትምህርት ተወለደ። ይህም በተራው ተፈትኗል። በነሐሴ 4 ቀን 1914 በጀርመን ምክር ቤት ትልቁ ወገን የነበረው የሶሻል ዴሞክራቶች ፓርቲ ለካይዘር መንግሥት የጦርነት ብድር እንዲፈቀድ ድምፁን ሰጠ። የካንት አራተኛ አንቀጽ በሠራተኛው ተወካዮች እጅ ተሻረ ማለት ነው። በታኅሣሥ 2 ቀን ሁለተኛው ብድር ሲቀርብ ከመላው ምክር ቤት አንድ ሰው ብቻ፣ ካርል ሊብክኔክት፣ ተቃወመ። የተቃወመበትን ምክንያት በጽሑፍ ለአፈ ጉባኤው ቢያቀርብም በቃለ ጉባኤው ውስጥ እንዲሰፍር አልተፈቀደለትም።